ጎባን ያለ ሳንቲም

የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሰው ሲናደድ እጁ ይፈጥናል ይላሉ፤ የእኔ ግን ይታሰራል። አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፍና ተነሥቼ በረንዳው ላይ እዞራለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እቀመጣለሁ። እዚህም እዚያም ቢቆራረጥባችሁ ታገሡኝ። ነገሩ ረጅም አይደለም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ያለቀ፣ የአንድ ረቡዕ ነገር ነው።

ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ጎባ ላይ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለች ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝና እኔ እንኖር ነበር። ደሳለኝን "ጋሼ" ነው የምለው፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ሥራው አውቶቡስ ተራው አጠገብ ባለ አንድ አልጋ ቤት እንግዳ መመዝገብ ነበር። ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ ለምን ጉዳይ መጣህ። ይህን ይጽፋል፤ ሲመሽ መዝገቡን ይዞ ቀበሌ ሄዶ ያስፈርማል።

በዚያ ዘመን ጎባ የገባ እንግዳ ቶሎ አይወጣም። አውቶቡሱ ይበላሻል። ከቆላው ከደሎ የሚመጣው የጭነት መኪና ሳነቴ ተራራ ላይ ጭቃ ይይዘዋል። አዲስ የተመደበ አስተማሪ ደመወዙ እስኪደርስ፣ በሽተኛውን ሐኪም ቤት ያስተኛ ገበሬ ሰውዬው እስኪድን፣ ሦስት አራት ቀን አልጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ ይቀመጣል። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጋሼ እነዚህን ሰዎች ሲያይ ያዝናል።

"እንግዳ ገንዘብ ሲያልቅበት ከተማውም የሚያልቅበት ይመስለዋል" ይል ነበር። "የሚሄድበት ቦታ እኮ ሞልቷል። የሚነግረው ነው ያጣው።"

አንድ ቅዳሜ ከደብተሬ ወረቀት ገንጥሎ ያለ ገንዘብ የሚታዩና የሚሠሩ አምስት ነገሮች ጻፈ። ርዕሱን "ጎባን ያለ ሳንቲም" አለው። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝና፣ "የአንተ ጽሕፈት ይሻላል፤ ገልብጥልኝ" አለኝ።

ገልብጬ ብቻ ብተወው ኖሮ!

በዚያ ወር በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ካርታ አነሣሥ እየተማርን ነበር። ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ከዝርዝሩ ሥር የከተማውን ካርታ ሳልኩበት። ሰሜንን በቀስት አመለከትኩ። ለኮረብታ ሦስት ማዕዘን፣ ለድልድይ ሁለት ሰረዝ፣ ቆሞ ለማየት ለሚመች ቦታ ቀይ መስቀል አደረግሁ። ቦታ ስላጠረኝም ጽሑፉን አሳጠርኩት። ጋሼ "ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ሲወርድ፣ ሰዎች ከሜዳው ከብት ሲያባርሩ ከኮረብታው ማየት" ብሎ የጻፈውን እኔ ከመስቀሉ አጠገብ "ረቡዕ 5 ሰዓት ይወርዳል። ከብት ይባረራል" አልኩት። ጋሼ አይቶ ሳቀ። "ጄኔራል አደረግኸኝ እኮ!" አለና አልጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ለጠፈው።

ስንት እንግዳ ጠቅሟል መሰላችሁ። አራት ወር ያህል ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አንድ ማክሰኞ መዝገብ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ወረቀቱን አዩት። ከግድግዳው ልጠው ወሰዱት። ጋሼንም ወሰዱት።

የወሰዱት ከከተማው በላይ ወዳለው ግቢ ነው። ስሙን አልጠራውም። በየቀኑ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ስንቅ አደርስለት ነበር። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ይገባል፤ እኔ አጥሩ ሥር እጠብቃለሁ፤ ጋሼ ከበላ በኋላ ባዶውን ይመልስልኛል። መተያየት የለም። እናቴ ጩኮ ትሠራለት ነበር። የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ ብርድ ላለበት ሰው እሱን የመሰለ የለም።

ባዶውን አልኩ እንጂ ባዶ አልነበረም። በእኛ ቤት ታላቅ በልቶ ለታናሽ ያተርፋል። አባቴ ለጋሼ ያተርፍ ነበር፤ ጋሼ ለእኔ። አንዲት ጉርሻ፣ ሁልጊዜ ከሳህኑ ጥግ። ጋሼ እዚያ ግቢ ውስጥ ሆኖም ይህን አልተወም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምሳ ዕቃውን ስከፍተው ከጥጉ አንዲት ጉርሻ ጩኮ ተጠፍጥፋ አገኝ ነበር። የጣቱ ምልክት ይታይባታል። እናቴ እሷን አይታ ታለቅሳለች፤ ደግሞ ትስቃለች። "ብላ፤ ወንድምህ ልኮልሃል" ትለኛለች። እበላለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ማታ፣ ምሳ ዕቃው ጥርግ ብሎ ተበልቶ መጣ። በጥጉ ምንም የለም።

እናቴ ክዳኑን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ፊቷ በራ። "ተመስገን! አንጀቱ ተከፈተ። ምግቡ ተስማማው ማለት ነው" አለች። እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ። ሰኞም ጥርግ ብሎ መጣ። ማክሰኞም። እናቴ ከሰኞ ጀምራ ቅቤ ጨምራበት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ለእናቴ ሳልነግር ወደ ግቢው ወጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አድሬ ነበር። ካርታውን የሳልኩት እኔ ነኝ። ይህን ከነገርኳቸው እሱን ይፈታሉ፤ ቢበዛ እኔን ያስራሉ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

መርማሪው ከመሃል አገር የመጣ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ብርዱን አልለመደውም፤ በካኪ ኮቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ አፍንጫውን ይጠርጋል። ወረቀታችን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጠርዙ ላይ የግድግዳ ቀለም እንደተጣበቀ።

"ምን ፈለግህ?"

"ጓድ፣ የደሳለኝ ወንድም ነኝ። ያንን ካርታ የሳልኩት እኔ ነኝ። እሱ ዝርዝሩን ብቻ ነው የጻፈው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "መስቀሉንም?"

"መስቀሉንም። አስተማሪያችን ምልክት ተጠቀሙ ብሎን ነው።"

"ማን ነው የሚወርደው? ‘ይወርዳል’ ይላል። ከብት የተባለውስ ማን ነው?"

"አውሮፕላን ነው ጓድ የሚወርደው። ከብት ያልኩት ከብት ነው። ላም፣ በሬ።"

እስክርቢቶውን በጥርሱ ይዞ ወረቀቱን ወዲህ ወዲያ አዞረው። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሜዳው ላይ ውርጭ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል።

"ዛሬ ረቡዕ ነው" አለ።

"አዎ ጓድ።"

"እንግዲያው አሳየኝ። አምስቱንም፣ በተራ። የጻፋችሁት እውነት ከሆነ ፋይሉ ዛሬ ይዘጋል።"

"ጋሼ ይፈታል ማለት ነው?"

"ፋይሉ ይዘጋል አልኩህ" አለና ኮፍያውን አነሣ።

እኔ የሰማሁት "ይፈታል" የሚለውን ነው። ባይለውም።

የመጀመሪያው ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ከከተማው ሁሉ ቀድማ የምትነካው እሱን ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። መሃል ላይ ድንጋዩ ገባ ያለበት፣ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ማንም አይቀመጥም፤ የእንግዳ ነው። ጋሼ ለምኗቸው ነው ይህ የሆነው።

ስንደርስ ወሬው ቆመ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ኦቦ ገመቹ መርማሪውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ደሳለኝ እንግዳ ሲልክ የምናስቀምጠው እዚያ ነው" አሉ በአገጫቸው እያመለከቱ። "ይቀመጡ ጌታዬ። ፀሐይ የመንግሥት አይደለችም፤ አይፍሩ።"

ደነገጥኩ። መርማሪው ግን ገብቶ ተቀመጠ። ጀርባውን አስደገፈ። ጥቂት ቆይቶ ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

"እውነትም ይሞቃል" አለ። "ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ከተማ ስንቀጠቀጥ ይህን የነገረኝ የለም።"

"የሚነግርዎትን ሰው አስራችሁት ነዋ!" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ማንም አልሳቀም። መርማሪው ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያ መልሶ ጨፈነ። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ነበር። በሆዴ "አንድ" አልኩ። አራት ቀረ።

ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነበር። ጋሼ "ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ክርክር መስማት፤ ማንም አይከለክልም" ብሎ ነበር የጻፈው። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች በአንድ ግራጫ ፈረስ ይካሰሱ ነበር። አንዱ ከሲናና፣ አንዱ ከዚሁ ከጎባ። ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም ምስክር አላቸው። ዳኛው ሰልችቷቸው ፈረሱን ግቢው ውስጥ አስመጡ፤ ሁላችንም ተከትለን ወጣን።

"ልጓሙ ይፈታ" አሉ ዳኛው። "በየተራ ጥሩት። ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።"

የሲናናው ሰው በፉጨት ጠራው። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነሣም። የጎባው በቁልምጫ ጠራው፤ ቆሎም በእጁ ዘርግቶ አሳየው። ፈረሱ ሁለቱንም አየና ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ችሎቱ በር ሄደ፤ ደረጃውን ወጥቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴትዮ "ይግባኝ ሊጠይቅ ነው!" ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሳቁ። መርማሪው ትከሻዬን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ። እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እየሳቅሁ የማስበው ይህን ለጋሼ ማታ እንዴት አድርጌ እንደማወራለት ነበር።

ሦስተኛው ገበያው ነበር፤ ቅርብ ነው፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። የሃረና ጫካ ማር ይዘው የሚመጡ ሴቶች መሃል አዴ ዘይነባ ይቀመጣሉ። ጋሼን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። የእሳቸው ልማድ፣ ማር ሳይቀምስ ማንም እንዳያልፍ ነው፤ ገዛ አልገዛ ግድ የላቸውም። በእንጨት ጫፍ ነክረው ያቀምሳሉ፤ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቡና ሲያብብ የተቆረጠውን ጥቁሩን፣ መጨረሻ መራራውን።

"አካም ቡልቴ፣ ኢልማኮ" አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ መርማሪውን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። "ይሄ ማነው?"

"ጋሼን የሚያስፈታው ነው" አልኳቸው በጆሯቸው።

እግዜር ይየው፣ እንዲህ ነው ያልኳቸው።

አዴ ዘይነባ ሰውዬውን አንድ ጊዜ ሳይሆን ስድስት ጊዜ አቀመሱት። "ቅመስ፤ ደግሞ ይሄን ቅመስ። መቅመስ አይከፈልበትም። ደሳለኝ ሰው የሚወድ ልጅ ነው፤ አላህ ያውቃል። ዝንብ አይገድልም።" መርማሪው ጣቱን እየላሰ ራሱን ይነቀንቃል። መሄጃችን ላይ አዴ ዘይነባ ከነሰፈፉ አንድ ቁራጭ ማር በቅጠል ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት። "ለደሳለኝ ነው። ሲወጣ አፉን ያጣፍጥበት" አሉ። ቅጠሉን በሁለት እጄ እንደ ዕንቁላል ይዤ ሄድኩ።

አራተኛው መስቀሉ ነበር። ለእኔ ዋናው ፈተና እሱ ነው። ኮረብታውን ስንወጣ መርማሪው ያለከልካል፤ እኔ ደግሞ ፀሎት ላይ ነበርኩ። አውሮፕላኑ አንዳንድ ረቡዕ አይመጣም፤ ደመና ካለ ይቀራል። ያን ቀን ከቀረ ጋሼ ቀረ ማለት ነው ብዬ ነበር የማስበው። መስቀል ያደረግሁበት ቦታ ላይ ደርሰን ቆምን። መርማሪው ወረቀቱን አውጥቶ አቅጣጫውን አስተካከለ። ሜዳው ከሥራችን ተዘርግቷል፤ ከብቶች ተበታትነው ይግጣሉ።

አምስት ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። ሩብ አለፈ። መርማሪው ሰዓቱን አየ።

"ይመጣል ጓድ" አልኩ። "ይዘገያል እንጂ ይመጣል።"

"ላብህ ወረደ እኮ" አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። ከሰሜን በኩል እንደ ንብ። ሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች ከእኔ ቀድመው ሰምተውት ኖሮ ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን እያራገበች፣ አንድ ዘበኛ ባርኔጣውን ወርውሮ፣ ከብቱን ወዲያና ወዲህ አስፈረጠጡት። አንድ በሬ ግን እንቢ ብሎ መሃል ሜዳው ላይ ቆመ። ሦስት ሰዎች ጭራውን ይዘው ጎተቱት። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ በላዩ ዞረ፤ በሬው ሲወጣለት ወረደ።

"ከብት ይባረራል!" አለ መርማሪው። ወረቀቱን በመዳፉ መታው። "እውነቱን ነው እኮ! ከብት ይባረራል!"

"አላልኩዎትም ጓድ?" አልኩ። እንባዬ መጣ። አልቋል፤ ጋሼ ወጥቷል ብዬ አሰብኩ።

መርማሪው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። እንደ እሱ ያለ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለ አገሩ አወራኝ። እሱም ታናሽ ወንድም አለው፤ አውሮፕላን ነጂ እሆናለሁ ይላል። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ቅጠል አየና፣ "ከዚያ ማር ትንሽ ቁረጥልኝ" አለ።

ቆረጥኩለት። ግማሹን።

በልቶ ሰፈፉን ተፋ። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጋደም አለ፤ ጥቂትም ሳይቆይ አንቀላፋ። ማሩ የነካው አፉ ላይ ዝንብ ተሰበሰበ። እኔ ምን አደረግሁ? ቅጠል ቀንጥሼ ዝንብ ተከላከልኩለት። ከእንቅልፉ ተነሥቶ እንዳይከፋው፣ እንዳይለወጥብኝ ብዬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እሽሽ ስልለት ዋልኩ። አንባቢ ሆይ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ሌሊት የሚያስነሣኝ ይህ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው የቶጎና ወንዝ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ሥር ወርዶ የራስን ስም መጥራት። ድንጋዩ ሦስት ጊዜ ይመልሰዋል። ጋሼ "ብቸኛ የሆነ እንግዳ ስሙን የሚጠራለት ካጣ እዚህ ይምጣ" ብሎ ጽፎ ነበር። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ደረስን። ወንዙ ጎድሏል፤ ድንጋይ ድንጋዩን ረግጠን ገባን።

"ስምዎትን ይጥሩ ጓድ" አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። "አንተ ጥራ።"

"የእኔን?"

"የፈለግኸውን።"

እኔም ደስ ብሎኝ ስለነበር ባለኝ ድምፅ ሁሉ "ደሳለኝ!" ብዬ ጠራሁ። ድንጋዩ ደሳለኝ፣ ሳለኝ፣ ለኝ እያለ መለሰ። ደግሜ ጠራሁ። ሦስተኛውን ልጠራ ስል መርማሪው ጀርባውን ሰጥቶኝ ወንዙ ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ሲታጠብ አየሁት። ማሩን መስሎኝ ነበር። ብዙ ታጠበ።

"ይበቃል" አለ ሳይዞር። "በቃ አትጥራ።"

ወደ ላይ ወጣን። መንገድ ላይ ወረቀቱን አራት አድርጎ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

"ወረቀቱን አይመልሱልኝም?"

"ይጠቅመኛል። ከመሃል አገር ጓዶች ሲመጡ የት እንደምወስዳቸው አላውቅም ነበር።" ከዚያ ቆመና እጁን ዘረጋልኝ። "እንዲህ ያለ ቀን ካሳለፍኩ ስንት ጊዜዬ። አመሰግናለሁ።"

አመሰግናለሁ አለኝ! እኔም "ምንም አይደል ጓድ" አልኩት።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "እማዬ ይፈታል! ዛሬ ይፈታል!" እናቴ አመድ በነካው እጇ አቀፈችኝ። ሸሚዙን፣ ሹራቡን፣ የዓመት በዓል ሱሪውን አወጣች። ለመንገድም ቢርበው ብላ ጩኮውን በምሳ ዕቃው ሞላች። እኔ ግማሹን ማር ከላይ አስቀመጥኩበት። ወደ አሥራ አንድ ተኩል ግቢው በር ላይ ደረስኩ።

በሩ ላይ የነበረው ያው ሁልጊዜ ስንቅ የሚቀበለኝ ዘበኛ ነው፤ የአገሬው ሰው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ። ምሳ ዕቃውን ሊቀበል እጁን ዘረጋና ልብሱን ሲያይ ሰበሰበው።

"ልብሱ ምንድን ነው?"

"ዛሬ ይፈታል። አብሬው እሄዳለሁ።"

"ማን አለህ?"

"መርማሪው። ቀኑን ሙሉ አብረን ነበርን። ሁሉንም አሳየሁት፤ እውነት መሆኑን አየ።"

ዘበኛው ወደ ግቢው ዞሮ አየ፤ ወደ እኔ ተመለሰ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ በጣም ዝቅ አድርጎ፣ "መነ ገሊ" አለኝ። ቤትህ ግባ። "ልብሱን ይዘህ ግባ። ስንቅም ከዛሬ ጀምሮ አታምጣ።"

ስንቅ አታምጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አውቃለሁ።

"ትናንት በልቷል" አልኩት። "ጠርጎ ነው የበላው። ሰኞም። እሑድም።"

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። "እሑድ ጠዋት ነው" አለ። "ታሞ ነበር ይላሉ እነሱ። እኔ አላየሁም።"

እሑድ ጠዋት። ረቡዕ ማታ ነው አሁን። እናቴ ቅቤ የጨመረችበት ሰኞ ነው።

"ማን በላው?"

"ተወኝ ልጄ።"

"ምግቡን ማን በላው?!"

"ስንቁን ተቀበሉ፣ ዕቃውን መልሱ፣ አትናገሩ ተባልን። ትእዛዝ ነው።" ዓይኑን ጨፈነ። "እኔም በልቻለሁ። ውሸት አልነግርህም። እኔም በልቻለሁ።"

ያኔ ጥጉ ታየኝ። የምሳ ዕቃው ጥግ። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ የነበረው። ወንድሜ በሕይወት ቢኖር ያንን ጥግ ባዶ እንደማያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም። ዓይኔ እያየ፣ እጄ እየዳሰሰ፣ "አንጀቱ ተከፈተ" ብለን ደስ አለን። እኛ ብቻ ልናነበው የምንችለውን ደብዳቤ ልኮልን አላነበብነውም።

"ሰውዬው ያውቃል?" አልኩት። "መርማሪው ጠዋት ያውቅ ነበር?"

"የሞቱን ወረቀት የፈረመው እሱ ነው" አለ ዘበኛው። "እሑድ ዕለት።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልጨርስ። ሬሳ አልሰጡንም። ለቅሶ እንዳይሰማ ተብሎ ከቀበሌ ሰው መጣብን፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ድንኳን የለም፤ እድር የለም። ጎረቤት አንድ አንድ እያለ ጨው ሊበደር እንደመጣ ሰው ሆኖ እየገባ እጃችንን ጨብጦ ወጣ። አዴ ዘይነባ መጥተው የማር ቅል ደጃፋችን ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ለሰውዬው ስድስት ጊዜ ያቀመሱት በእኔ ቃል ነው። አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም።

ሐሙስ ጠዋት እናቴን ወደ ቶጎና ይዣት ወረድኩ። ልብስ ልናጥብ የምንሄድ መስለን፣ የጋሼን ሸሚዝና ሱሪ ይዘን። ድልድዩ ሥር ገብተን ስሙን ጠራች። እናት እንዴት እንደምትጠራ ታውቃላችሁ። ድንጋዩ ሦስት ጊዜ መለሰላት። ደግማ ጠራች። ከላይ በድልድዩ የሚያልፍ ሰው ቢሰማም፣ ድልድዩ ሥር ስም መጥራት በጎባ የተለመደ ነገር ነው፤ ጋሼ ራሱ ነው ያስለመደው። ለቅሶውን ያለቀስነው እዚያ ነው።

ብዙ ዓመት ያሰብኩት አንድ ነገር አለ። ያ ሰው ለምን አብሮኝ ዋለ? ወንድሜ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነበር፤ የሚያድነው ሰው የለም። ምናልባት ጥፋተኛ ገድሎ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ይሆናል። ምናልባት ለሪፖርቱ ነው። አንዳንድ ሰው "ሕሊናው ቆጥቁጦት ነው" ይለኛል። ይቆጥቁጠዋ! ሕሊናው የቆጠቆጠው ሰው የሟች ድርሻ ማር በልቶ አያንቀላፋም። በመጨረሻ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ብርዱ ሰልችቶት ነበር፣ ቀኑ ጥሩ ነበር፣ መንገድ የሚያሳይ ሰው በእግሩ መጣለት። ሌላ ምስጢር የለውም።

ወረቀቱን አልጣለውም። ኦቦ ገመቹ እንደነገሩኝ ከዚያ በኋላ ከመሃል አገር የመጡ እንግዶቹን አስከትሎ ወደ ግድግዳው ይመጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ጋቢያቸውን አራግፈው ይነሣሉ፤ ፀሐዩን ትተውለት ወደ ጥላው ይሄዳሉ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ብርድ። የእንግዳውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን ሁሉ ለእሱ ለቀቁለት። "ወንበር ያጣ ሰው እንጂ አብሮት የሚሞቅ ያጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፤ እሱ ሆነ" አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ። ካርታ አልስልም። ሰው "አመሰግናለሁ" ሲለኝ ጆሮዬን ይበላኛል። የትም ቤት ስበላ ከሳህኔ ጥግ አንዲት ጉርሻ አተርፋለሁ፤ ያልወደድኩት የሚመስላቸው አሉ። ደግሞ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ እናንተም ያዙልኝ። ክፉ ሰው ሲስቅ አብራችሁ ስለሳቃችሁ ሰው ሆነ አትበሉ። ይስቃል፤ ማር ይወዳል፤ ወንድምም አለው። እንዲያውም የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የሚያደርገው።

አሁን ያ ጊዜ አልፏል። ሰው እንደገና ወደ ጎባ ይመጣል፤ አውቶቡስም አሁንም ይበላሻል። ዝርዝሩ ያ ሰው ኪስ ውስጥ ቀርቷል፤ እኔ ግን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ለእሱ ብቻ አልተወውም። ስለዚህ ኪሳችሁ ባዶ ሆኖ ጎባ ብትቀሩ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ሂዱ። ፍርድ ቤት ገብታችሁ ክርክር ስሙ። ገበያ ውጡና ማር ቅመሱ። ኮረብታው ላይ ሆናችሁ ከብት ሲባረር እዩ። ማታ ከመሆኑ በፊት ቶጎና ድልድይ ሥር ውረዱ።

እዚያ የራሳችሁን ስም አትጥሩ። እናንተን የሚጠራችሁ አታጡም። ደሳለኝ ብላችሁ ጥሩ። ጮክ ብላችሁ። ሳንቲም አይከፈልበትም።